የእንግሊዝኛውን "ሃንድ" ወደ ፖላንድኛ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፖላንድኛን በእንግሊዝኛ በኩል ለሚማሩና ለሚተረጉሙ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ፤ የፖላንድኛው ቃላት በአነባበባቸው ተጽፈዋል።

"ሃንድ" በፖላንድኛ ምን ይባላል?

"ሬንካ" ይባላል፤ ሲበዛ "ሬንትሴ" ነው። ቃሉ በአንስታይ ጾታ ይነገራል፤ ስለዚህ "ሁለት እጅ" ለማለት የሴቴውን ቁጥር ይዞ "ድቪዬ ሬንትሴ" ይሆናል።

ከቃሉ ይልቅ ልብ የሚባለው ስፋቱ ነው። እንግሊዝኛ ከእጅ አንጓ በታች ያለውን "ሃንድ"፣ ከዚያ በላይ ያለውን "አርም" ብሎ ይከፍላል። ፖላንድኛ እንደ አማርኛ ነው፦ "ሬንካ" ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ይይዛል፣ ልክ "እጅ" እንደምንለው። እግርም እንደዚሁ ነው፤ "ኖጋ" የእንግሊዝኛውን "ሌግ"ም "ፉት"ም ያጠቃልላል። "ፓሌትስ" የእጅም የእግርም ጣት ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ በእንግሊዝኛ ዞሮ መምጣት ትርፉ ድካም ነው፤ በአማርኛው "እጅ" ማሰብ ቀጥታ ያደርሳል።

በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን እንዳለ ባነበው ይገባቸዋል?

በአብዛኛው አዎ። እንግሊዞች የሚቸገሩባት "ኝ" በፖላንድኛ እንደኛው አለች። ሌላው አሳሳች አናባቢ ደግሞ ከእኛ ሳድስ ጋር ይቀራረባል፤ "ማጠብ" የሚለው ግሥ "ምች" ሲሆን፣ ፀሐይ መትቶት ምች ያዘው ከምንለው ቃል በጆሮ ብዙም አይለይም። "ስትሮኒ" በመሳሰሉት ቃላት መጨረሻ ላይም የሚሰማው ይኸው ሳድስ ነው፤ በፊደላችን ሌላ አማራጭ ስለሌለ "ኒ" ብለነዋል። "ሬንትሴ" ውስጥ ያለው "ትስ" ግን አንድ ድምፅ ነው። "ጸ"ን አፍኖ እንደማውጣት ሳይሆን ለስለስ ተደርጎ ይነገራል።

ጫና ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከመጨረሻው አንድ ቀደም ባለው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። "ሬንካ" ሲባል "ሬን" ጎላ ይላል።

"ድዎኝ"ስ? መቼ ነው ከ"ሬንካ" ይልቅ እሱን የምመርጠው?

"ድዎኝ" በጥብቅ ትርጉሙ መዳፍ ነው፤ በዕለት ንግግር ግን ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ክንድን ሳይጨምር ያንኑ ክፍል ብቻ ሲል "ድዎኝ" ይሻላል፦ ጓንት ሲለካ፣ ቅባት መዳፍ ላይ ሲደረግ፣ ቁስሉ የት እንዳለ ሲነገር። ለሰላምታ መጨባበጥም "ኡሽቺስክ ድዎኚ" የተለመደ ነው፤ ትንሽ ከበር ያለ ቃና አለው። ለሌላው ሁሉ "ሬንካ" በቂ ነው።

የሕክምና ወረቀት የሚተረጉም ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአናቶሚ ቋንቋ መላው ክፍል "ኮኝችና ጉርና" (ቃል በቃል "የላይኛው እጅና እግር"፣ ማለትም ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ ያለው) ሲባል፣ "ሬንካ" ደግሞ ጠቦ ከእጅ አንጓ በታች ያለውን ብቻ ይይዛል። ሕመምተኛው "ሬንካ" ሲል ክንዱን፣ ሐኪሙ "ሬንካ" ሲል መዳፉንና ጣቱን ሊሆን ይችላል ማለት ነው። "ራምዬ"ም እንደዚሁ ሁለት ፊት አለው፦ በአናቶሚ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ክንድ ነው፤ በቤት ቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ ትከሻ። መፍትሔው አጥንቱን በስሙ መጥራት ነው። የእንግሊዝኛው ሰነድ የመዳፍ አጥንት ስብራት ካለ "ሽሩድሬንቼ" የሚለውን ቃል ይጠቀሙ፤ ምንም አያሻማም።

"እጄን አመመኝ"፣ "እጄ ተሰበረ"፣ "እጅህን ታጠብ" እንዴት ይባላሉ?

"እጄን አመመኝ" ማለት "ቦሊ ምኜ ሬንካ" ነው። ቃል በቃል "ያመኛል እጅ" እንደማለት ሲሆን፣ ሕመሙ የሚደርሰው "እኔን" ነው፤ እኛም የምንለው ይኸንኑ አይደል? በእንግሊዝኛ "ማይ ሃንድ" ተጀምሮ ስለሚነገር ብዙ ተማሪ "ሞያ ሬንካ ቦሊ" ይላል። ይገባቸዋል፤ ግን የውጭ ሰው አነጋገር መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሁለቱም እጅ ካመመ ግሡም ይበዛል፦ "ቦሎን ምኜ ሬንትሴ"።

ለስብራት ወንድ "ዝዋማዌም ሬንኬ"፣ ሴት "ዝዋማዋም ሬንኬ" ትላለች። ሰሚው የሚረዳው ክንድ መሰበሩን ነው። የተሰበረው መዳፍ ውስጥ ያለ አጥንት ከሆነ እላይ እንዳልነው ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ለልጅ "እጅህን ታጠብ" ሲባል "ኡምይ ሬንትሴ" ብቻ ይበቃል፤ "የአንተን" የሚል ቃል አይጨመርም። የማን እጅ እንደሆነ ግልጽ እስከሆነ ድረስ ፖላንድኛ ባለቤቱን አይጠራም። ይቺኛዋ ስሕተት የእንግሊዝኛም የአማርኛም ተናጋሪ በእኩል የሚሠራት ናት፤ እኛም "እጅህን" ስንል "ህ"ን ሳናስበው ስለምናስገባት።

"ሬንካ" አንዳንዴ "ሬንኪ"፣ አንዳንዴ "ሬንኬ"፣ አንዳንዴ "ሮንክ" የሚሆነው ለምንድን ነው?

ፖላንድኛ ስምን በሰባት ሙያ ያረባል፤ እኛ "ን"፣ "የ"፣ "በ"፣ "ለ" እያልን የምንሠራውን እነሱ የቃሉን ጅራት በመቀየር ይሠሩታል። "ሬንካ" ባለቤት ሲሆን፣ "ሬንኪ" የእጅ፣ "ሬንኬ" እጅን፣ "ሬንኮን" በእጅ፣ "ሬንትሴ" ለእጅ። በብዙ ቁጥር ደግሞ "ሬንትሴ" እጆች፣ "ሮንክ" የእጆች፣ "ሬንኮም" ለእጆች፣ "ሬንካኽ" በእጆች ላይ፣ "ሬንካሚ" በእጆች። "የሠራተኛ እጥረት" ለማለት "ብራክ ሮንክ ዶ ፕራትሲ" የሚሉት ለዚህ ነው፤ ቃል በቃል "ለሥራ የእጆች እጦት" ነው።

ሁለት እንግዳ ቅርጾች ያጋጥማሉ፦ "ሬንኮማ" (በእጆች) እና "ቭ ሬንኩ" (በእጅ ውስጥ)። ስሕተት አይደሉም። ድሮ ፖላንድኛ ከነጠላና ከብዙ ሌላ ለሁለት ነገር ብቻ የሚሆን ቁጥር ነበረው፤ ያ ቁጥር ሲጠፋ ጥንድ ሆነው በሚኖሩት ነገሮች ስም ላይ ርዝራዡን ትቷል። "ሬንካሚ"ም "ሬንኮማ"ም፣ "ቭ ሬንትሴ"ም "ቭ ሬንኩ"ም ትክክል ናቸው፤ የቀለለዎትን ይያዙ።

ቃል በቃል ቢተረጎሙ የማያሳፍሩት ፈሊጦች የትኞቹ ናቸው?

የሰው "ቀኝ እጅ" በፖላንድኛም "ፕራቫ ሬንካ" ነው። "እጄ ታስሯል" "ማም ዝቪዮንዛኔ ሬንትሴ" ነው። ባዶ እጅ መምጣት "ስ ፑስትሚ ሬንካሚ" ይሆናል። እጅን አጣጥፎ መቀመጥን "ሼጄች ዝ ዛዎዦንሚ ሬንካሚ" ይሉታል፤ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ "አርም" ሲል እኛና እነሱ "እጅ" እንላለን። "ነጻ እጅ መስጠት" የሚለውም "ቮልና ሬንካ" ሆኖ ይሄዳል።

"እጄን ታጥቤአለሁ" ሲሉ ግን ግሡን ይጠንቀቁ። ምንጩ አንድ ነው፤ ጲላጦስ በማቴዎስ 27፥24። ሳሙና ይዞ መታጠብ "ምች ሬንትሴ" ሲሆን፣ ከጉዳዩ ራስን ማውጣት "ኡምቫች ሬንትሴ" ነው። "ምዬ ሬንትሴ" ያለ ሰው መታጠቢያ ቤት ነው፤ "ኡምቫም ሬንትሴ" ያለ ሰው ኃላፊነቱን ጥሎ ሄዷል። የግሡ ቅርጽ ብቻ ነው ልዩነቱ። "ሬንካ ሬንኬ ምዬ" (እጅ እጅን ያጥባል) የሚለው ምሳሌ ደግሞ በፖላንድ ብዙ ጊዜ ለሙገሳ አይደለም፤ እርስ በርስ ተሸፋፍነው የሚጠቃቀሙትን ነው የሚነካው። የመረዳዳትን ጥቅም በሚያወድስ ንግግር ውስጥ ቢያስገቡት አድማጭ ፈገግ ይላል፣ እርስዎ ባላሰቡት ምክንያት።

እንግሊዝኛው "ሃንድ" እያለ ፖላንድኛው እጅን ጭራሽ የማይጠራውስ?

ዋነኛው "በአንድ በኩል፣ በሌላ በኩል" ነው። ፖላንድኛው "ዝ ዬድኔይ ስትሮኒ… ዝ ድሩጌይ ስትሮኒ" ሲሆን፣ "ስትሮና" ወገን፣ ጎን ማለት ነው። አማርኛውም "በኩል" ስለሚል እጅን እዚያ የሚከት አማርኛ ተናጋሪ ካለ እንግሊዝኛ አሳስቶት ነው። ጠቃሚ ምክር፦ "ዝ ዬድኔይ ስትሮኒ" ብለው ከጀመሩ ሁለተኛውን አይርሱ፤ ብቻውን የቀረ ዐረፍተ ነገር ተንጠልጥሎ ይቀራል። "ዝ ድሩጌይ ስትሮኒ" ግን ብቻውንም ይቆማል።

እጅ ከፍንጅ መያዝ "ዝዋፓች ና ጎሮንትሲም ኡችንኩ" ነው፤ በትኩስ ድርጊት ላይ መያዝ። ነገር ከቁጥጥር ሲወጣ "ቪምክኖንች ሼ ስፖድ ኮንትሮሊ"። አካባቢን አብጠርጥሮ ማወቅ "ዝናች ያክ ቭዋስኖን ኪዬሼኝ"፣ እንደ ገዛ ኪስ። እዚህ ጋ አማርኛ ራሱ ወጥመድ ይሆናል፤ "እንደ እጄ መዳፍ" ስለምንል እንግሊዝኛው ትክክል ይመስለናል። ከሁሉ የከፋው "ከእጅ ወደ አፍ" ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ ቃል በቃል ስለሚገጥሙ ተርጓሚው ሳይጠራጠር ወደ ፖላንድኛም ይገለብጠዋል። እነሱ ዘንድ ግን "ዥች ዝ ድኛ ና ጄኝ" ነው፤ ከቀን ወደ ቀን መኖር። እጅም አፍም የለም። ሁለት ቋንቋ መስማማቱ ለሦስተኛው ዋስ አይሆንም።

"ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ"ን "ዳይ ሚ ሬንኬ" ብዬ ብተረጉም ምን ይፈጠራል?

እጁን ይዘረጋልዎታል። "ዳይ ሚ ሬንኬ" መንገድ ሲሻገሩ ለልጅ የሚባል ነው፤ እጅህን ስጠኝ፣ ልያዝህ። እርዳታ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ለጓደኛ "ፖሙሽ ሚ"፣ "እርስዎ" ለሚባል ወንድ "ቺ ሞዤ ሚ ፓን ፖሙትስ?" ይበሉ፤ ለሴት "ፓን" የሚለውን "ፓኒ" ያድርጉት። ለጽሑፍ ከበድ ያለ ነገር ሲፈለግ "ፖዳች ፖሞትስኖን ድዎኝ" አለ፦ የእርዳታ እጅ መዘርጋት። ይኼኛው የሚወደው "ድዎኝ"ን እንደሆነ ልብ ይበሉ።

በዚሁ መስመር ያሉ ሌሎችም አሉ። መድረክ ላይ "ሞቅ ያለ ጭብጨባ" የሚጠየቅበት "ሃንድ" "ብራቫ ድላ…" ይሆናል። "ጨውን አቀብለኝ" "ፖዳይ ሚ ሱል" ነው። የቤት ሥራ ማስረከብ "ኦድዳች"፣ ኃላፊነትን ማስተላለፍ "ፕሼካዛች"፣ ሽልማትን በክብር ማበርከት "ቭሬንችች" (ይኼኛው "ሬንካ"ን በሆዱ ደብቋል)። "ፕሮሺች ኦ ሬንኬ" ያለ ደግሞ እርዳታ ሳይሆን ሚስት ነው የሚጠይቀው።

"ሰከንድ ሃንድ"ስ?

በየትኛው ትርጉም? ያገለገለ ዕቃ "ኡዥቫኒ" ይባላል፤ "ዝ ድሩጌይ ሬንኪ" (ከሁለተኛ እጅ) ቢሉም ያስኬዳል። የሰልባጅ ሱቅ በሰፈር ቋንቋ "ሉምፔክስ" ወይም "ቹኾላንድ" ነው፤ የሱቁ ሰሌዳ ላይ እንግሊዝኛው ራሱ ተጽፎ ማየትም የተለመደ ነው። ወሬን ከምንጩ መስማት "ስ ፒዬርፍሼይ ሬንኪ"፣ ከመጀመሪያው እጅ ነው።

የሰዓት ጠቋሚ (እንግሊዝኛው "ሃንድ" የሚለው) ግን ፈጽሞ "ሬንካ" አይባልም። "ፍስካዙፍካ" ነው፤ የሰከንዱ ደግሞ "ሴኩንድኒክ"።

የሥራ ማስታወቂያ ላይ "ና ሬንኬ" የሚል አየሁ። እጅ በእጅ ነው የሚከፍሉት ማለት ነው?

አይደለም። ተቀናናሹ ሁሉ ከተነሣለት በኋላ እጅዎ የሚገባው የተጣራ ደመወዝ ነው። ተቃራኒው "ብሩቶ" ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በ2025 የፖላንድ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,666 ዝሎቲ ብሩቶ ሲሆን፣ በመደበኛ የሥራ ውል "ና ሬንኬ" የሚደርሰው ወደ 3,510 ዝሎቲ ነበር። ቅጥር ስትነጋገሩ ቁጥሩ የየትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ይኼው ሐረግ ሌላ ሥራም አለው። "ኢሽች ኮሙሽ ና ሬንኬ" ለሰው ማመቻቸት፣ መተባበር ነው። ትናንሽ መስተዋድዶች ቃሉን እንዴት እንደሚያዞሩት ይዩ፦ "ፖድ ሬንኮን" (ከእጅ በታች) በቅርብ፣ በቀላሉ የሚገኝ፤ "ኦድ ሬንኪ" (ከእጅ) ወዲያውኑ፣ እዚያው በዚያው፤ "ና ቭዋስኖን ሬንኬ" (በገዛ እጅ ላይ) በራስ ኃላፊነት፣ ማንንም ሳያማክሩ። የጫማ ጠጋኝ በር ላይ "ኦድ ሬንኪ" የሚል ካዩ ቁጭ ብለው ይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይሠራል። ሕመም ድንገት ለቀቀ ሲባል ደግሞ "ያክ ሬንኮን ኦድዮው" ይላሉ፣ በእጅ እንዳነሡት።

እጅና ጣት ቦታ የሚለዋወጡት የት ላይ ነው?

እንግሊዝኛ "ጣቴን አቆላልፌልሃለሁ" ብሎ መልካም ዕድል ሲመኝ፣ ፖላንዶች አውራ ጣት ይይዛሉ፦ "ትሽማም ክቹኪ"። ምልክቱም ይለያል፤ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ አጥፎ በሌሎቹ ጣቶች መጨበጥ ነው። በፊልም ትርጉም ጽሑፍ ላይ ተዋናዩ ጣቱን ሲያቆላልፍ ቢታይም ጽሑፉ "ክቹኪ" ማለቱ አይቀርም።

ሁኔታን በቅርብ መከታተል በእንግሊዝኛ ጣት የደም ሥር ላይ ሲሆን፣ በፖላንድኛ መላው እጅ ነው፦ "ትሽማች ሬንኬ ና ፑልሼ"። በተቃራኒው "እጁ አለበት" ስንል (እንግሊዝኛም እጅ ይላል) እነሱ ጣት ያጠልቃሉ፦ "ማቻች ፍ ችምሽ ፓልትሴ"። ይኼኛው ለመጥፎ ሥራ ብቻ ነው፤ በበጎ ነገር ድርሻ ያለውን ሰው እንዲህ ካሉት ሰደቡት። እጁ ለሥራ የማይታዘዝለት፣ እንግሊዝኛ "ሁሉ ነገሩ አውራ ጣት" የሚለው፣ "ሁለት ግራ እጅ" አለው ይባላል፦ "ማ ድቪዬ ሌቬ ሬንትሴ"። ተቃራኒው "ዝዎታ ሮንችካ"፣ የወርቅ እጅ፤ ቤት ውስጥ የተበላሸውን ሁሉ የሚጠጋግን ባለሙያ። የእጅ አመል ያለበት ደግሞ "ሌፕኬ ሬንትሴ"፣ የሚያጣብቅ እጅ አለው።

"ዋፓ" ስድብ ነው?

"ዋፓ" የእንስሳ መዳፍ ነው፤ የውሻ፣ የድብ። ለሰው እጅ ሲውል እንደ ድምፁ ነው። በጓደኛሞች መካከል ሰላምታ ሊሆን ይችላል፤ "ዋፒ ፕሺ ሶብዬ!" ("እጅህን ሰብስብ!") ግን ቁጣ ነው። ጨዋ ባይሆንም ቀለል ያለው "ሬንትሴ ፕሺ ሶብዬ" ነው። ጉቦ "ዋፑፍካ" የሚባለውም ከዚሁ ቃል ነው፤ ጉቦ መስጠት "ዳች ቭ ዋፔ"፣ በመዳፍ ማስጨበጥ። እኛ ዘንድ "እጅ መንሻ" ውስጥ እጅ እንዳለ ሁሉ።

በመዝገበ ቃላት ያላገኘሁትን ፈሊጥ እንዴት ላረጋግጥ?

መጀመሪያ ፈሊጡን እጅ በሌለበት ተራ አማርኛ ይፍቱት፦ "ረዳ"፣ "ተያዘ"፣ "ከቁጥጥር ወጣ"። ቀጥሎ የፈቱትን ሐሳብ እንጂ "ሃንድ"ን አይፈልጉ። ከዚያ ያገኙትን የፖላንድኛ ሐረግ ባለሁለት ቋንቋ ሳይሆን በፖላንድኛ-ፖላንድኛ መዝገበ ቃላት ይመርምሩ፤ የፖላንድ ሳይንስ አካዳሚ የፖላንድኛ ቋንቋ ተቋም ያዘጋጀው "ቪዬልኪ ስዎቭኒክ ዬንዚካ ፖልስኪዬጎ" በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ፈሊጦችንም ለብቻ ያስቀምጣል። የሐረጉን አጠቃቀም በብዙ ምሳሌ ማየት ከፈለጉ የፖላንድኛ ብሔራዊ ኮርፐስ (ሰፊ የእውነተኛ ጽሑፎችና ንግግሮች ስብስብ) አለ።

በመጨረሻ ዐረፍተ ነገሩን ወደ አሉታ ይገልብጡት። ብዙ ጥሩ ትርጉም የሚበላሸው እዚህ ነው። "ነጻ እጅ አለኝ" "ማም ቮልኖን ሬንኬ" ሲሆን፣ "የለኝም" ሲባል ግን "ኜ ማም ቮልኔይ ሬንኪ" ይሆናል፤ በአሉታ ጊዜ ተሳቢው ወደ "የ" ሙያ ይዞራል። የማሽን ትርጉም ይቺን ብዙ ጊዜ ያገኛታል። እርስዎ ግን ማሽኑ የሰጠዎትን አዎንታዊ ሐረግ ወስደው ፊት ላይ "ኜ" ብቻ ከጨመሩ "ኜ ማም ቮልኖን ሬንኬ" ይወጣል፤ ያ ደግሞ ስሕተት ነው።